«ተነጋግረን እንጨርሰው» የሚለው ሰውዬ

የአክስቴ ልጅ ቪትዝ ነበረችው። «ነበረችው» ነው ያልኩት። ዛሬ የሌላ ሰው መኪና ይነዳል፣ ማታ ማታ ሂሳብ ያስረክባል፣ የተረፈችውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህን እንድጽፍ የወተወተኝም እሱ ነው። «ጻፈው፣ ሰው ይማርበት፤ ስሜን ግን እንዳታነሳ» አለኝ። እሺ፣ አላነሳም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ እየወረደ ነበር። በግራው አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክ አብሮት ይሄዳል። ሲኖው ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ሲገባ የቪትዟን ግራ ጎን ከፊተኛው በር እስከ ኋላ ጎማ እንደ ወረቀት አጣጥፎ፣ እየገፋ ወስዶ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር አጣበቃት። ሲኖው ላይስ ምን ደረሰ? የቀለም ጭረት።

ሰው አልሞተም። ደም እንኳን አልፈሰሰም። የአክስቴ ልጅ በቀኝ በር ሾልኮ ወጣና በእግሩ ቆመ። የተሰበሰበው ሰው «እንኳን አተረፈህ» እያለ ውኃ አጠጣው። የሲኖው ሹፌር ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ስልክ ይደውላል። የደወለው ግን ለፖሊስ አልነበረም። ይቺን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው የባለቤቱ ወንድም ነኝ አለ። ሁለተኛው ዝም ብሎ ፎቶ ያነሳል። ሦስተኛው ጋቢ የደረቡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲያዩዋቸው ጉልበት የሚያስሙ ሽማግሌ ናቸው። የአክስቴን ልጅ ትከሻ ይዘው፣ «ልጄ፣ ፈጣሪ ነፍስህን አትርፎልሃል። ይሄ ብረት ነው፤ ብረት ይጠገናል። ትራፊክ ቢመጣ መኪናህ ጣቢያ ሄዳ ትቆማለች፣ አንተም ስትመላለስ ወር ይፈጅብሃል። ይሄ ልጅም የደሃ ልጅ ነው፣ እናቱን የሚጦር። ተነጋግረን እንጨርሰው» አሉት።

ወረቀቱ ቪትዟ ኮፈን ላይ ተጻፈ። «በዛሬው ዕለት የደረሰውን ግጭት በስምምነት ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ የምናነሳው ጥያቄ የለም» ይላል። ሠላሳ ሺህ ብር በእጁ ቆጠሩለት። «የቀረውን ጋራዥ ላይ እኛ እንሸፍናለን» አሉት፤ ይህቺ ግን ወረቀቱ ላይ አልሰፈረችም። ፈረመ። ሲኖውም አሸዋውን ይዞ ሄደ። (አሸዋዋ በሰዓቷ እንደደረሰች ቅንጣት አልጠራጠርም።)

በማግስቱ አንገቱ አልዞር አለው። በሦስተኛው ቀን የግራ እጁ ጣቶች ደነዘዙ። ኤምአርአይ ተነሳ፤ የአንገቱ ዲስክ ተንሸራቷል ተባለ። ሁለት ወር መንዳት የለም፣ ፊዚዮቴራፒ ብቻ። ጋራዡ ለቪትዟ የሰጠው ፕሮፎርማ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ነበር። የባለቤቱ ወንድም ስልክ መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ፣ ቀጥሎ አይነሳም፣ ቀጥሎ ጠፋ። ጣቢያ ሲሄድ መርማሪው አዘነለት፣ አዘነለትና «ታዲያ ፕላኑ የታለ?» አለው። ፕላን የለም። መኪኖቹ ከቦታቸው ተነስተዋል። ያለችው ማስረጃ ያቺው እሱ ራሱ የፈረመባት ወረቀት ናት።

* * *

እንግዲህ ከጭነት መኪና ጋር ስለመጋጨት ሲወራ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሹፌሮቹ ነው። ሲኖን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ነን። ቀልዳችን ጥሩ ነው፤ ስም በማውጣት የሚያክለን የለም። ግጭቱ ከደረሰ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለብን ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ሹፌሩን አንገቱን ማነቅ፣ ወይ ሽማግሌ መስማት።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ከጭነት መኪና ጋር ስትጋጩ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ሳያነሳ፣ ሐኪምም ሳያያችሁ፣ በምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ሽማግሌው የገዛ አባታችሁን ቢመስሉም አትፈርሙ። እርቅ ጠልቼ አይደለም። እርቅ የሚባለው በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነገር ነው፤ እዚያ አስፋልት ላይ ግን ያላችሁት ሁለት ሰዎች አይደላችሁም። በአንድ በኩል የተደናገጣችሁ እናንተ አላችሁ። በሌላው በኩል ከሹፌሩ ጀርባ ባለንብረቱ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ መኪናውን በብድር የገዛለት ባንክ አለ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጨርስ የመጀመሪያው ያልሆነ ሰውዬም በፒክአፕ ይመጣል። ጭነት ማመላለስ ንግድ ነው። ግጭትም ለዚያ ንግድ አንድ የወጪ መደብ ናት፤ ወጪ ደግሞ በተቻለ መጠን ይቀነሳል።

አሁን ወደ ሕጉ ልውሰዳችሁ። እንዳትሸሹ፣ አጭር ነው፤ እኔም የሕግ ሰው አይደለሁም፣ የተቃጠለ ዘመድ ያለኝ አንባቢ ነኝ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ባለሞተር ተሽከርካሪ ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ እሱ ራሱ ምንም ባያጠፋም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር ባለቤቱ «እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር» ብሎ አያመልጥም። መንገድ ሲሻገር ለተገጨ እግረኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን እናንተም መኪና ውስጥ ከነበራችሁ ሦስት ቁጥሮች ወረድ ብላችሁ 2084ን አንብቡ። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል ይላል። ጠቅላላ ኪሳራውም እኩል ለሁለት ይካፈላል። ይህ የማይሠራው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ገባችሁ? ማስረጃ ከሌለ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ነው። ሂሳቧን እንሥራት። የቪትዟ ጉዳት 280,000 ብር ነው እንበል፣ የሲኖው ጭረት ደግሞ 10,000 ብር። ድምሩ 290,000። ለሁለት ሲካፈል 145,000 ይመጣል። ማለትም እናንተ መቶ አርባ አምስት ሺህ ብሩን ከኪሳችሁ ትሸፍናላችሁ፣ ፍሬቻ ያላሳየው ግን እሱ ነው! አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ አሸዋ የጫነ ገልባጭ፣ አንዱ ሜትር ኩብ አንድ ተኩል ቶን እንኳን ቢመዝን፣ የጭነቱ ብቻ 24 ቶን ነው። ቪትዝ ከእነ ሹፌሯ አንድ ቶን አካባቢ ናት። ሁለቱ ሲጋጩ ብረቱ የሚጨራመተው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው። ስለዚህ «እኩል ይካፈሉ» የሚለው ደንብ ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ አስፋልት ላይ ሲወርድ ግን ለከባዱ ያደላል። ይህን ደንብ የሚሰብረው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ያለው ደግሞ መኪኖቹ በቆሙበት ቦታ፣ መስታወቱ በረገፈበት፣ የጎማው ፍሬን ጥቁር አድርጎ ባሰመረው መስመር ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የከተማው ትራፊክ ይረግጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ የእናንተ ቃል በእሱ ቃል ላይ ነው።

ሌላዋ አደገኛ ቁጥር 3312 ናት። በግልግል የተደረገ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «መብቴን ተሳስቼ ነው» ብላችሁ ልታፈርሱት አትችሉም። ሽማግሌው ኮፈን ላይ ያስፈረሙት ያን ነው፤ የሰበር ውሳኔ ያህል ክብደት ያለው ወረቀት፣ በተውሶ እስክሪብቶ።

* * *

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ መመሪያ አንድ ሁለት እያልኩ አልዘረዝርም፤ ብገጭ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ራሴን ከመንገድ አወጣለሁ። የእኛ አገር ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ሰው መኪናው ጋ ቆሞ ሲከራከር ሌላ ከባድ መኪና ይመጣል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ካለኝ ራቅ አድርጌ አቆማለሁ። ከሌለኝ ያው ቅጠልና ድንጋዩ አለ፤ ግን እባካችሁ፣ ስትሄዱ ድንጋዩን አንሱት፣ ማታ የሞተረኛ ነፍስ ይበላል። የገጨኝ ቦቴ ከሆነ ደግሞ ማስረጃም ፎቶም አልፈልግም፣ ከነፋሱ ተቃራኒ ርቄ እሮጣለሁ፣ የሚያጨስ ካለ እጮህበታለሁ። የፈሰሰ ቤንዚን በጀሪካን ሊቀዱ የሚመጡትንም ለምኜም ቢሆን አስቆማለሁ።

የተጎዳ ሰው ካለ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም አዲስ አበባ ውስጥ 939 እደውላለሁ። እሳት ካልተነሳ ወይም ሌላ አደጋ ካልመጣበት በቀር መኪና ውስጥ ያለን ሰው ጎትቼ አላወጣም። ሕዝባችን ደግ ነው፣ ችግሩ በደግነቱ ውስጥ ነው፤ እጅና እግር ይዞ እንደ ጆንያ ይጭናል፤ በሰላም ሊድን የሚችል አንገት ታክሲ ላይ ሲጫን ይሰበራል። ከዚያ ለፖሊስ 991። ሹፌሩ ለአለቃው ሲደውል እኔ ለፖሊስ እደውላለሁ። ቅድም እመለስባታለሁ ያልኳችሁ ይህቺ ናት፤ ማን ቀድሞ ለማን እንደደወለ ቀኑን ሙሉ ይወስነዋል።

ከዚያ ስልኬን አወጣለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ የመኪናዬ ጭርምት አይደለም፤ እሷ የትም አትሄድም። የመጀመሪያው ፎቶ ከጋቢናው የሚወርደው ሰው ነው። ለምን? የጭነት መኪና ውስጥ ሹፌርና ረዳት አሉ። ሲነዳ የነበረው ረዳቱ ሆኖ ትራፊክ ሲመጣ መንጃ ፈቃድ ያለው «እኔ ነኝ» የሚልበት ጊዜ አለ። ወይም መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና የሚሆን ደረጃ አይደለም፤ ለዚህም ነው ባለቤቱ ኢንሹራንሱ እንዳይሰማበት በሠላሳ ሺህ ብር ሊገላገል የሚጣደፈው። «ምን ያህል ቢቸኩሉ ነው እንዲህ ቶሎ ብር የሚቆጥሩት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ታርጋ። ተሳቢ ካለው የተሳቢው ታርጋ ከፊተኛው የተለየ ነው፤ ሁለቱንም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከርና ቦሎውን። ጋቢናው በር ላይ የተጻፈ የማኅበር ወይም የድርጅት ስም ካለ እሱንም። ሊብሬውን ካገኛችሁ አትለፉት፤ አገራችን ውስጥ መኪና በውክልና ሲሸጥ ሲለወጥ ይኖራል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው፣ በሩ ላይ ያለው ማኅበርና ፒክአፑን ይዞ የመጣው ሰውዬ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገ ክስ ስትመሠርቱ ደግሞ «ባለቤቱ ማነው?» ይባላል።

የጭነቱን ፎቶ አንሱ። ከአፉ ሞልቶ የሚፈስ አሸዋ ስለ ፍሬኑ ብዙ ይናገራል። የጎማዎቹን ጥርስ አንሱ። መኪኖቹን ከነመንገዱ፣ ራቅ ብላችሁ፣ ከአራቱም አቅጣጫ። ከዚያ ዞር ብላችሁ ሱቆቹን ተመልከቱ፤ ካሜራ የሰቀለ ሕንፃ ወይም ባንክ ካለ ጽፋችሁ ያዙ፣ ለትራፊክ ፖሊሱም እዚያው ንገሩት፤ ካሜራ በላዩ ላይ እየቀዳ የቆየውን ያጠፋል፣ ሳምንት ቆይቶ መሄድ ዋጋ የለውም። ብዙ የጭነት መኪኖች ጂፒኤስ አላቸው፤ ፍጥነቱ በባለንብረቱ እጅ ተመዝግቦ ይገኛል ማለት ነው፤ ጠበቃችሁ ፍርድ ቤት እንዲያስቀርበው አስታውሱት። ምስክርም እንዲሁ። «እኔ አይቻለሁ!» ብሎ የጮኸው ሰው ታክሲ ሲመጣ ይሄዳል፤ ስልኩን ያኔውኑ ተቀበሉት።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። «ምናልባት እኔም ትንሽ ፈጥኜ ነበር» የምትል ጨዋነት አለችብን፤ እናቶቻችን ሲያሳድጉን ያስተማሩን፣ ሰው እንዳይከፋው ግማሹን ጥፋት ወደ ራስ መውሰድ። ቤት ውስጥ ትቀመጥ። ፕላን ላይ ስትጻፍ ጨዋነት መሆኗ ቀርቶ ማመን ትሆናለች። ውሸት ተናገሩ አላልኩም፤ ያላያችሁትን አትገምቱ ነው። ፕላኑ ከተነሳ በኋላ ተመልከቱት፤ መኪናችሁ ያልነበረችበት ረድፍ ላይ ተስላ ካገኛችኋት ያኔውኑ በአክብሮት ተናገሩ።

ከዚያ ምንም ባያማችሁ ያን ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ። ድንጋጤ ሕመምን ይደብቃል። የአክስቴ ልጅ በእግሩ ቆሞ ሲደራደር አንገቱ ተጎድቶ ነበር፣ ግን አላወቀም። ለሐኪሙ «ዛሬ በዚህ ሰዓት የመኪና አደጋ ደርሶብኛል» በሉትና ካርዱ ላይ ያስፍርላችሁ። ሦስት ቀን ቆይታችሁ ብትሄዱ «ይሄ ከአልጋ ስትወድቅ የመጣ ነው» የሚል ጠበቃ አይጠፋም።

ብር የለኝም ካላችሁም አንድ ነገር እወቁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በዚህ አዋጅ የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበት ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ሐኪም ቤቱም የመስጠት ግዴታ አለበት። ገጭቶ ያመለጠው ካልታወቀ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው ደግሞ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚክስ የመድን ፈንድ አለ። ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ራሴ ዘመዴ ተገጭቶ ነው ያወቅኩት።

እዚህ ላይ ግን መራራውንም ልንገራችሁ። ያ አዋጅ ሲወጣ የኢንሹራንሱ ጣሪያ ለንብረት 100,000 ብር፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር ነበር። የሰው ነፍስ አርባ ሺህ፣ መኪና መቶ ሺህ። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ሆኖም የዛሬን የመለዋወጫ ዋጋ የሚያውቅ ሰው የኢንሹራንስ ጣሪያ ሁልጊዜ ከኑሮው ጣሪያ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ከፍሎ የሚቀረው ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ይጠየቃል! ኢንሹራንሱ «የእኔ ድርሻ ይሄው ነው» ሲል ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። አደጋው ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ በረጅሙ ይታያል፤ እናንተ ግን በሁለቱ ዓመት ተማመኑ። ለራሳችሁ ኢንሹራንስም ያን ሰሞን አሳውቁ፤ የሦስተኛ ወገን ብቻ ቢኖራችሁም፣ ነገ ሲኖው «እሱ ነው የገጨኝ» ብሎ ቢመጣስ?

* * *

አሁን የሚሞግተኝ እንዳለ አውቃለሁ። «አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ ጣቢያ የተመላለሰ ያውቀዋል» የሚል። እውነት ነው። መኪና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲበላት ሳምንት ይሄዳል። «ዛሬ መርማሪው የለም፣ ነገ ና» አለ። በመኪናው የሚያድር፣ በቀኑ ገቢ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ሠላሳ ሺህ ጥሬ ብር ሲያይ እጁ ቢዘረጋ አልፈርድበትም። የአክስቴንም ልጅ አልፈረድኩበትም። ሽማግሌው የተናገሩትም ሐሰት አልነበረም፤ ወር ይፈጃል ያሉት ይፈጃል። ያልነገሩት ግን የወሩን ዋጋ ነው። ወሩን ሸጠ በሠላሳ ሺህ፤ የገዛው ሰው ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ አተረፈበት፣ አንገቱን ሳንቆጥር።

ከዚህ በላይ ከባዱ ጥያቄ «ሹፌሩስ?» የሚለው ነው። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የሚከፈላቸው በቢያጆ ነው። ብዙ በተመላለሱ ቁጥር ብዙ ያገኛሉ፤ ስለዚህ አይተኙም። ከተማው ውስጥ ከባድ መኪና የማይገባበት ሰዓት ስላለ ደግሞ ያቺ የተፈቀደችው ሰዓት ሳታልፍ ይሮጣሉ። አሯሯጡን ያወጣው ሌላ ነው፣ የሚታሰረው እሱ። ያን ማለዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ማንም አልጠየቀውም። በሽማግሌው አፍ «የደሃ ልጅ» ሆኖ ቀረበ እንጂ ከዚያች ሠላሳ ሺህ ላይ ምናልባት ከደመወዙ ይቆረጥበት ይሆናል። ፕላን ይነሳ ስል እሱን ለማሳሰር አይደለም። ፕላን ካልተነሳ ባለንብረቱ መዝገብ ላይ አይኖርም፤ ባለንብረቱ መዝገብ ላይ ከሌለ ቢያጆው እንዳለ ይቀጥላል። ሹፌሩን ማነቅም ያው ነው። ገጠር ውስጥ ሹፌር ገጭቶ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ሕዝቡን ፈርቶ ነው፤ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ከሄደ ልክ ነው ያደረገው። እጃችንን ብንሰበስብ ኖሮ ብዙዎቹ ቆመው የተጎዳውን ሰው ያነሱ ነበር።

እርቅስ? እርቁ ይቆየን። ፕላን ተነስቶ፣ ሐኪም አይቶ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኢንሹራንሱም ተነግሮት ከዚያ ሽማግሌው ይምጡ። ጋቢያቸውን ደርበው ቡና ተፈልቶላቸው ይቀመጡ። ያኔ የምንታረቀው በምን ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንት እንደምተውም እኔው ነኝ የማውቀው። ወረቀቱም ሲጻፍ «ወደፊት ሊከሰት የሚችል የጤና ጉዳት አይጨምርም» የምትል አንዲት መስመር ትግባበት። ሽማግሌው እውነተኛ ሽማግሌ ከሆኑ ይህቺ መስመር አትከብዳቸውም። ከከበደቻቸውም ማን እንደላካቸው ታውቃላችሁ።

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። አሁን ወደሚነዳት ኮሮላ ገብተን ሞቢል ለማንሳት ከፊት ያለችውን መሳቢያ ስከፍት አንድ ፓኮ ነጭ ጠመኔ አየሁ። «ለልጅህ ነው?» አልኩት።

«ለጎማው ነው» አለ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ እንደ ድሮው አይዞርለትምና መላ ሰውነቱን ወደ እኔ አዙሮ። «መንገድ ልቀቁ ብለው ቢያስነሱኝ እንኳን አስምሬ ነው የምነሳው።»